አዲስ ኪቦርድ ይዛችሁ «ከየት ልጀምር?» ለምትሉ

ኪቦርዱ ከካርቶን ወጣ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው ድምፆቹን አንድ በአንድ መነካካት ነው። ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ትራምፔት፣ ጊታር። ለጀማሪ ከሚሸጡት መካከል እንኳ ከ600 በላይ ድምፅ ያላቸው አሉና ይሄ ብቻውን ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ይሰለቻል። ኪቦርዱም አልጋ ሥር ይገባል።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ለመጀመሪያው ወር አንድ ድምፅ፣ አንድ ቅኝት፣ አምስት ቁልፍ ይበቃችኋል። ክራር የሚማር ሰው አምስት ወይም ስድስት ክር ይዞ ነው የሚጀምረው፤ በዚያው ስንት ዜማ ይወጣለታል። ጆሯችሁ ትዝታንና ባቲን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ልምምድ የሚጣፍጠው ጣታችሁ ጆሯችሁ የሚያውቀውን ዜማ ሲያገኝ ነው።

ገና ካልገዛችሁ

61 ቁልፍ ያለውን ምረጡ። አምስት ኦክቴቭ ማለት ነው (አንድ ኦክቴቭ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው)፤ ለሁለት እጅ ይበቃል። ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም፣ ክብደቱም በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ይዛችሁት ትገባላችሁ። ቁልፎቹ ትንንሽ የሆኑትን ግን ለሕፃን መጫወቻ ካልሆነ አትግዙ። እጃችሁ የተሳሳተ ርቀት ይለምድና በኋላ ትክክለኛ ኪቦርድ ላይ ስትቀመጡ እንደገና መማር ይሆንባችኋል።

ሁለተኛው መመዘኛ «ተች» የሚባለው ነው። አንዱን ቁልፍ ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ ከዚያ ያንኑ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ድምፁ በጣታችሁ ጉልበት ልክ ዝቅና ከፍ ማለት አለበት። ለውጥ ከሌለ ምናልባት ተዘግቶ ይሆናልና ሻጩን «ተቹን ክፈትልኝ» በሉት። ከነጭራሹ የለውም ከተባለ ሌላ ፈልጉ። ያለዚህ ትዝታን እንደ ስልክ ጥሪ ነው የምትጫወቱት።

ያገለገለ ከሆነ 61ዱንም ቁልፍ አንድ በአንድ ምቱ። አታፍሩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የማይጮህ፣ ተጭኖ የሚቀር ወይም ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ጎልቶ የሚጮህ ቁልፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ጎማ ላይ አቧራ ገብቷል። የሚጠገን ነገር ነው፤ ዋጋው ላይ ግን ተከራከሩበት። የባትሪ ቤቱንም ክፈቱት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ድንጋይ ውስጡ ፈስሶ ነበር ማለት ነው።

የመብራቱን ነገር በደንብ እዩት

ኪቦርድ በአንድ ሰከንድ ሊበላሽ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩን ገልብጡና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

መጀመሪያ የሚገባውን መብራት እዩ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም ይሠራል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለአሜሪካ የተሠራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው 220 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞት የመጣ አሮጌ ኪቦርድ ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል። መፍትሔው ኪቦርዱን መጣል ሳይሆን ለ220 የሚሆን ሌላ አዳፕተር መግዛት ነው።

አዳፕተር ስትቀይሩ ሦስት ነገር መግጠም አለበት። አንደኛ፣ የሚወጣው ቮልት ኪቦርዱ ከሚፈልገው ጋር እኩል ይሁን። ሁለተኛ፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። ኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች፤ መሐሏ ነጥብ፣ ዙሪያዋ ግማሽ ክብ፣ በግራና በቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። የመሐሉ ነጥብ ከመደመር ነው የተያያዘው ወይስ ከመቀነስ? አዳፕተሩም ላይ ይኸው ሥዕል አለ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። 12 ቮልት የሚወስዱት የያማሃ ኪቦርዶች መሐላቸው መደመር ነው። 9 ቮልት የሚወስዱ ብዙ የድሮ ካሲዮዎች ደግሞ መሐላቸው መቀነስ ነው። ጫፉ ገጠመ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱን አጥፉና አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉ። መብራቱ ተመልሶ ትንሽ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ ሰኩት።

አብዛኞቹ የዛሬ ትንንሽ ኪቦርዶች በስድስት ቀጭን ድንጋይም ይሠራሉ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ። ለወር የማትነኩት ከሆነ ደግሞ አውጡት። ድንጋይ የሚያስፈልገው መብራት ለጠፋ ጊዜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ በነበረባቸው ዓመታት ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ባለው ደለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው በባትሪ ይለማመድ ነበር። ጊዜ የለኝም ለምንል ሁሉ የሚያበረታ ነገር ነው። ባትሪ የሚቀበል ኪቦርድ ካላችሁ የትም ቦታ መለማመጃ አላችሁ።

አቀማመጥ

አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ አትጀምሩ። ክርናችሁ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ወንበሩን አስተካክሉ። ስታንድ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌለ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይበቃል። የእጅ አንጓችሁ አይውደቅ፣ ጣቶቻችሁ ትንሽ ጎበጥ ይበሉ። ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ እየወጣ ከሆነ ወንበሩ አጥሯል።

የጋራ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ፣ በተለይ ዱባይ ወይም ቤይሩት በማታ ብቻ ጊዜ የምታገኙ፣ ሄድፎን ግዙ። ሲሰካ የኪቦርዱ ስፒከር ይዘጋል። መሰኪያው አንዳንዱ ላይ የስልክ ዓይነቱ 3.5 ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንዱ ላይ ወፍራሙ 6.35 ነው። ወፍራም ከሆነ ማቀያየሪያ ጫፍ ይሸጣል።

ዶን ማግኘት

አሁን ኪቦርዱን አብሩ፣ ድምፁን መካከለኛ ላይ አድርጉት፣ ፒያኖ ላይ ተዉት። ሲበራ ራሱ ፒያኖ ላይ ነው የሚነሣው።

ጥቁሮቹን ቁልፎች ተመልከቱ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ተጠግቶ ያለው ነጭ ቁልፍ ዶ ነው። ከእሱ ወደ ቀኝ በነጮቹ ብቻ ሂዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ከዚያ እንደገና ዶ። በ61 ቁልፍ ላይ ስድስት ዶ አለ። ከግራ ሦስተኛው «መካከለኛው ዶ» ይባላል። ልብ በሉ፣ የኪቦርዱ ትክክለኛ መሐል ላይ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ግራ ነው። ቁልፎቹ ላይ ስቲከር የሚለጥፉ አሉ። እኔ አልወደውም። ዓይናችሁ ጽሑፍ ማንበብ ይለምድና የጥቁሮቹን አደራደር ሳያይ ይቀራል።

የጣት ቁጥርም አለ፦ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5። ለሁለቱም እጅ እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያዋ ዜማ፦ ትዝታ

ቀኝ እጃችሁን አውጡ። አውራ ጣት መካከለኛው ዶ ላይ፣ 2 ሬ ላይ፣ 3 ሚ ላይ፣ 4 ሶል ላይ፣ 5 ላ ላይ። ፋን ዘላችሁታል፤ እጃችሁ ትንሽ ይለጠጣል። ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ ተመልሳችሁ ውረዱ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ላ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ።

ሰማችሁት? ሜጀር ትዝታ ይሄው ነው።

አሁን ሚን ወደ ሚ ፍላት፣ ላን ወደ ላ ፍላት ቀይሩ። ፍላት ማለት በስተግራ ቀጥሎ ያለው ቁልፍ ነው፤ እዚህ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ይሄ ማይነር ትዝታ ነው። ሁለት ጣት ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ስሜቱ ግን ሌላ ሆነ። ሁለቱን እያቀያየራችሁ አዳምጡ። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆዩ አልባከነም።

የሚቀጥለው እርምጃ የምታውቁትን ዜማ በጆሮ መፈለግ ነው። በመጀመሪያ በአፋችሁ አንጎራጉሩት። ዜማው የሚያርፍበትን፣ «አለቀ» የሚያሰኘውን ድምፅ ያዙ። ብዙውን ጊዜ ዶ እሱ ነው። ከዚያ የመጀመሪያዋን ስንኝ ብቻ፣ ድምፅ በድምፅ፣ አምስቱ ቁልፎች ላይ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ዜማው ሌላ ቅኝት ላይ ይሆናል እንጂ ጆሯችሁ አልሰነፈም።

አምስቱ ሲለምዱ ወደ ሌላው ኦክቴቭ መሻገር ያስፈልጋል። የጣት አካሄዱ ይቀየራል፦ ዶ በ1፣ ሬ በ2፣ ሚ በ3፣ ከዚያ አውራ ጣት በሥር አልፎ ሶልን ይይዛል፣ ላ በ2፣ እንደገና አውራ ጣት በሥር አልፎ የላይኛውን ዶ። 1፣2፣3፣1፣2 እያላችሁ እስከ ኪቦርዱ ጫፍ ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ በዚያው ቁጥር።

ሌሎቹ ቅኝቶች

ሁሉንም ከዶ አስነሥቼ ልጻፋቸው።

ባቲ ሜጀር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ።
ባቲ ማይነር፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት።
አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት።
አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ።

ሜጀርና ማይነር የሚለው አጠራር ከመምህር መምህር ሊለያይ ይችላል። እናንተ ድምፆቹን ያዙ። አንቺሆዬን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ለጣትም ለጆሮም ከሁሉም ይከብዳል። ደግሞ ክራርና ማሲንቆ ላይ የምንሰማው አወጣጥ ከኪቦርድ ጋር ፍጹም አንድ አይደለም። ኪቦርድ ኦክቴቩን በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ አስቀምጦታል። የክራር ደርዳሪ ግን ክሩን በጆሮው ነው የሚያጠብቀው። ትንሽ ልዩነት ብትሰሙ ትክክል ሰምታችኋል።

አንድ የሚያስደስት ነገር ላሳያችሁ። ነጮቹን ሙሉ በሙሉ ተዉአቸው። ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውን ያዙና በጥቁር ብቻ ወደ ቀኝ ውጡ። አምስቱ ጥቁሮች ሜጀር ትዝታ ናቸው። አሁን ደግሞ ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛው ላይ ጀምሩና በዚያው በጥቁር ብቻ ሂዱ። ባቲ ማይነር ሆነ። ያው አምስት ቁልፍ፣ መነሻውና ማረፊያው ብቻ ተቀየረ። ልጅ የምታስተምሩ ከሆነ በዚህ ጀምሩለት። ሊሳሳት የሚችልበት ቁልፍ የለም።

ማስዋብ

ዜማው ከወጣ በኋላ ደረቅ ከመሰላችሁ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ሳይሆን አመታቱ ነው። የእኛ ዜማ ድምፁን ቀጥ ብሎ አይመታም፤ ነካ አድርጎ ነው የሚገባበት። ለምሳሌ ትዝታ ላይ ሚን ልትመቱ ስትሉ ሬን በጣም በአጭሩ ነካ አድርጉና ወደ ሚ ግቡ። ሶል ላይ ስታርፉ ላን አንዴ ዳስሳችሁ ተመለሱ። የምትነኩት ጎረቤት ከቅኝቱ ውስጥ ይሁን። ክራር የሚደረድር ሰው ስታዩ ጣቶቹን ተከታተሉ፣ ብዙ ታገኛላችሁ።

አሁን ድምፅ መቀየርም ይፈቀዳል። ለክራር የሚቀርበው የናይለን ጊታር ነው። ዋሽንት ከፈለጋችሁ ፍሉት ያዙ፣ ማሲንቆ ከፈለጋችሁ ቫዮሊን። ኪቦርዳችሁ በስተግራ ፒች ቤንድ የሚባል፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያንሸራትት ተሽከርካሪ ካለው ለቫዮሊኑ ትንሽ ትንሽ ተጠቀሙበት።

ግራ እጅ

ግራ እጅ ላይ ለመሮጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዝቅ ካለው ዶ እና ከሶል ሌላ አያስፈልገውም። ቀኝ እጅ ትዝታውን ሲጫወት ግራው ሁለቱን አብሮ ይዞ ይቆያል። ይሄ ለባቲም ለአምባሰልም ይሠራል። አንቺሆዬ ላይ ግን ሶል ፍላት ስለሆነ ሶልን አውጡና ዶን ብቻ ያዙ፣ ካልሆነም ዶን ከፋ ጋር።

ምት ስትጨምሩ እስከ 6 ቁጠሩ፤ ችክችካ የሚባለው የእኛ ምት በ6/8 ነው የሚሄደው። ግራ እጅ 1 ላይ ዶ፣ 4 ላይ ሶል ይምታ። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም ክፈቱት፣ ቀስ ካለ ፍጥነት ተነሡ። እየተሳሳታችሁ ከመፍጠን በቀስታ ሳይሳሳቱ መድገም ይሻላል። በቀን 20 ደቂቃ ለመጀመሪያው ጊዜ በቂ ነው፤ እሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይበልጣል።

ከዚያ ወደ ኮርድ፣ ማለትም አብረው ወደሚመቱ ድምፆች። ኮርዶቹን እንዲሁ በዘፈቀደ አትምረጡ፣ ከቅኝቱ ውስጥ ፈልጓቸው። ሜጀር ትዝታ ላይ ከአምስቱ ድምፆች ብቻ የሚሠሩ ሁለት ኮርዶች አሉ፦ ዶ ሜጀር፣ ማለትም ዶ፣ ሚ፣ ሶል፤ እና ላ ማይነር፣ ማለትም ላ፣ ዶ፣ ሚ። በማይነር ትዝታ ዶ ማይነር እና ላ ፍላት ሜጀር ናቸው። በአምባሰል ፋ ማይነር እና ሬ ፍላት ሜጀር። ሌሎቹን ራሳችሁ ፈልጓቸው፣ ጥሩ የቤት ሥራ ነው። ፋ ሜጀርንና ሶል ሜጀርን ትዝታ ላይ የሚጨምሩ ብዙ ኪቦርዲስቶች አሉ። አይከለከልም። ግን ፋ እና ሲ ከቅኝቱ ውጭ ስለሆኑ ዜማው ወዲያው ሌላ ጣዕም ይይዛል። ስታደርጉት አውቃችሁ አድርጉት።

አውቶማቲክ አጃቢው፣ «ስታይል» የሚባለው፣ ሲከፈት የኪቦርዱ ግራ ጎን ኮርድ መቀበያ ይሆናል። ለጀማሪ ባንድ ጣት ኮርድ መያዝ ይቻላል። ያማሃ ላይ ለሜጀር ዋናውን ቁልፍ ብቻ፣ ለማይነር ዋናውን እና ከእሱ በስተግራ ያለውን ቅርብ ጥቁር ቁልፍ አብራችሁ ትጫናላችሁ። ካሲዮ ላይ ለማይነር ዋናውን እና ከእሱ በስተቀኝ ያለ አንድ ቁልፍ ነው። ከስታይሎቹ ውስጥ 6/8 የሆኑትን ፈልጉ። ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ችክችካ ስለማይሆን ከበሮው ብቻ እንዲሰማ አድርጋችሁ ቤዙን በግራ እጃችሁ ብትመቱ ይሻላል። እኔ ግን ዜማውን ያለ አጃቢ ሳትወጡት ስታይል አትክፈቱ እላለሁ። አጃቢው ስሕተታችሁን ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነ ስሕተት አይታረምም።

ከዘፋኝ ወይም ከክራር ጋር ስትጫወቱ

ትራንስፖዝ የሚባለው፣ የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ፣ እዚህ ነው የሚጠቅመው። ኳየር ውስጥ የምታገለግሉ ሁሉ ትፈልጉታላችሁ። ዘፋኟ ዶ ላይ ድምፁ ከወረደባት +2 አድርጉት። ጣታችሁ ከዶ ይነሣል፣ የሚሰማው ግን ሬ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ግማሽ ድምፅ ነው፣ ማለትም ጥቁሩንም ነጩንም ሳይዘሉ አንድ ቁልፍ። አንዳንድ መምህራን ትራንስፖዝ ያሰንፋል ይላሉ። ጀማሪ ግን በአንድ ቅኝት ላይ ጸንቶ ከሰው ጋር መጫወት መቻሉ ይበልጥብኛል። ከሌላ መነሻ መጫወትን ቀስ በቀስ ትማራላችሁ።

ከክራር ጋር ሲሆን ደርዳሪው ዶ የሚያደርገውን ክር ይምታላችሁ። ክራር በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሚቃኝ ከኪቦርዱ ጋር ላይገጥም ይችላል። በትራንስፖዝ ወደ ቅርቡ አምጡት። ከዚያ «ቱኒንግ» በሚለው ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ግጠሙት፤ መነሻው ላይ 440 የሚል ታያላችሁ። ወይም ቀላሉ፦ እናንተ ዶን ስጡት፣ እሱ ክሩን ያስተካክል።

ከአምፕሊፋየር ወይም ከአዳራሽ ሚክሰር ጋር ስታገናኙ የሁሉንም ቮሊዩም ዝቅ አድርጉ። ኪቦርዱን መጀመሪያ አብሩ፣ አምፑን መጨረሻ። ሲጠፋ ተቃራኒው ነው፦ አምፑ መጀመሪያ፣ ኪቦርዱ በኋላ። አለበለዚያ ስፒከሩ «ጧ» ይላል፣ ሊጎዳም ይችላል። የእግር ፔዳል ካላችሁ ደግሞ ኪቦርዱ ጠፍቶ እያለ ሰኩት፤ ሲበራም እግራችሁ ላዩ ላይ እንዳይሆን። ፔዳሉ በተገላቢጦሽ ከሠራ፣ ስትለቁት ድምፁን የሚያስረዝም ከሆነ፣ አጥፍታችሁ እንደገና አብሩት።

የሆነ ነገር ተነካክቶ ኪቦርዱ ከተዘበራረቀባችሁ መጀመሪያ ትራንስፖዙ ዜሮ መሆኑን እዩ፣ ቀጥሎ ስታይሉ መዘጋቱን። በብዙዎቹ የያማሃ ፒኤስአር ኢ ሞዴሎች ላይ የመጨረሻውን የቀኝ ነጭ ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ብታበሩት ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመለሳል። የቀዳችሁት ነገር ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱት።